ስሙ ሌላ፣ ዕቃው ሌላ
የመቱና የኢሉባቦር ከተሞች አሮጌ የነዳጅ ማሞቂያዎች፦ አመጣጥ፣ ልየታና እድሳት

«እሳት ካየው ምን ለየው» ይላል ተረታችን። ለምግቡ እውነት ሊሆን ይችላል፤ እሳቱን ለተሸከመው ዕቃ ግን አይሠራም። በመቱ፣ በጎሬ፣ በቡሬ ወይም በበደሌ አንድ ቤት ቆጥ ላይ የተረሳ ባለ ሦስት እግር የነሐስ ምድጃ፣ ሥሩ የዛገ ፋኖስና በረንዳ ላይ የተደፋ የቆርቆሮ ከሰል ማንደጃ ሦስቱም እሳት አይተዋል። የመጡበት ዘመን፣ የተሠሩበት አገርና የተጓዙበት መንገድ ግን ለየቅል ነው።

ይህ ዳሰሳ ሦስት ጥያቄዎችን ይከተላል። ዕቃዎቹ ከየት መጡ? በምን ይለያሉ? ሲታደሱስ ምን ይተርፋል፣ ምን ይጠፋል? ጥያቄዎቹ ጊዜ የሚሰጡ አይደሉም። ነሐስ በኪሎ ይሸጣል። ቆራሌው በየሰፈሩ እየዞረ የሚሰበስበው አሮጌ ብረት ቀልጦ ሌላ ዕቃ ይሆናል፤ የቀለጠ ምድጃ ደግሞ ታሪኩን ይዞ ይሄዳል።

ማሞቂያ የሚባለው የትኛው ነው?

ክርክሩ የሚጀምረው ከትርጉሙ ነው። ጠባቡ አመለካከት ማሞቂያ የሚለው ፋብሪካው ራሱ «ክፍል ማሞቂያ» ብሎ የሠራውን ብቻ ነው፤ የአሜሪካኑን ፐርፌክሽን፣ የእንግሊዞቹን ቫሎርና አላዲን የመሳሰሉትን። በዚህ ሚዛን ከሄድን በኢሉባቦር ከተሞች የሚገኘው ጥቂት ነው፤ ዳሰሳውም እዚሁ ባበቃ።

ሰፊው አመለካከት ከአኗኗር ይነሣል። ጎሬ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድባት፣ በአገሪቱ እጅግ ርጥብ ከሚባሉት ከተሞች አንዷ ናት። በእንዲህ ያለ አገር ቡና የተፈላበት ፍም ቡናው ካለቀ በኋላም ሥራ አይፈታም፤ እጅ ይሞቅበታል፣ የልጆች ልብስ ይደርቅበታል። ወጥ የሠራው የነጭ ጋዝ ምድጃ ማታ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። ፊዚክሱም ለሰፊው አመለካከት ይመሰክራል። አንድ ሊትር ነጭ ጋዝ ሲነድ የሚሰጠው ኃይል ወደ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የፋኖስ ነበልባል ከዚህ ውስጥ ወደ ብርሃን የሚለውጠው እጅግ ጥቂቱን ሲሆን የቀረው ሙቀት ሆኖ ቤቱ ውስጥ ይቀራል። ፋኖስ፣ ብርሃን የሚሰጥ ትንሽ ማሞቂያ ነው ቢባል ስሕተት የለበትም።

ስለዚህ ዕቃዎቹን በአገልግሎት ከመክፈል በአነዳድ መክፈል ይሻላል። አንደኛው ፍም የሚሸከም ነው፤ የከሰል ማንደጃና የከሰል ካውያ እዚህ ይገባሉ። ሁለተኛው በክር ነዳጅ የሚስብ ነው፤ ኩራዝ፣ ፋኖስና የክር ምድጃ። ሦስተኛው በግፊት የሚሠራ ነው፤ ነዳጁ በፓምፕ ተገፍቶ፣ በጋለ ቱቦ ውስጥ ተንኖ በጠባብ ቀዳዳ ይወጣል። ክፍፍሉ የሚጠቅመው ሦስቱም የየራሳቸው በሽታና የየራሳቸው መድኃኒት ስላላቸው ነው። የመጀመሪያው ይቃጠላል፣ ሁለተኛው ያጨሳል፣ ሦስተኛው ይደፈናል ወይም ያፈስሳል።

አመጣጥ፦ የወንዙና የመኪናው መንገድ

ነጭ ጋዝ የተወለደው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። አብርሃም ጌስነር እ.ኤ.አ. በ1846 በካናዳ አሳየው፤ ኢግናትሲ ዉካሼቪች እ.ኤ.አ. በ1853 የሚነድበትን መብራት ሠራ። ካርል ሪካርድ ኒበርግ እ.ኤ.አ. በ1882 በስዊድን ካወጣው የብየዳ እሳት መትፊያ በኋላ፣ ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድክቪስት እ.ኤ.አ. በ1892 ክር የሌለው፣ ጥላሸት የማያወጣውን የግፊት ምድጃ ለገበያ አቀረበ። ስሙ ፕሪመስ ተባለ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ደግሞ በርሊን ውስጥ የማክስ ግሬትዝ ፋብሪካ ይህንኑ የግፊት ዘዴ ለመብራት አዋለና ፔትሮማክስን አወጣ።

ይህ ሁሉ ኢሉባቦር የደረሰው በየት ነው? ሁለት አመለካከቶች አሉ።

የመጀመሪያው መልስ ባሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ፈቀደ፤ ጋምቤላም በዚህ ተቆረቆረች። ወንዙ በሚሞላበት ክረምት ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች ሸቀጥ ይዘው ይወጣሉ፤ ቡና ጭነው ይወርዳሉ። ከጋምቤላ ሸቀጡ በጭነት ከብትና በሰው ትከሻ ዳገቱን ወጥቶ በቡሬ በኩል ጎሬ ይገባል። ጎሬ የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ፣ የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች መናኸሪያ፣ የእንግሊዝ ቆንስል የተቀመጠባት ከተማ ነበረች። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ወደ ስደት ሲሄዱም የቀረው መንግሥት ያረፈው እዚያው ነበር። ቢሮና ሱቅ ያለባት፣ ከሱዳን ጋር በወንዝ የተሳሰረች ከተማ የነጭ ጋዝ ደንበኛ ብትሆን አያስደንቅም።

ሁለተኛው መልስ አዲስ አበባ ነው። የጅቡቲ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ በጅማና በበደሌ አድርጎ መቱ የሚደርሰው ወደ 600 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ቀስ በቀስ ዋናው የሸቀጥ መስመር ሆነ። የጋምቤላ ጣቢያ ሱዳን ነጻ በወጣችበት እ.ኤ.አ. 1956 ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የወንዙ ንግድም እየደከመ ሄደ። በደርግ ዘመን የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ከጎሬ ወደ መቱ ሲዛወር የገበያው ፊት ጨርሶ ወደ መኪናው መንገድ ዞረ።

ሁለቱ መልሶች የሚጣሉት ዘመን ሳይለይ ሲነገሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1956 በኋላ የተሠራ ዕቃ በመኪናው መንገድ መምጣቱ ያመዝናል። ከባቡሩ በፊት የነበረው ደግሞ ለባሮ የቀረበ ነው። መሃሉ ላይ ያለው አርባ ዓመት ግን ለሁለቱም ክፍት ነው፤ በማህተም ብቻም አይዘጋም። ማህተሙ ፋብሪካውን እንጂ መንገዱን አይናገርም። መንገዱን የሚናገሩት ሌሎች ናቸው፦ ሥሩ ላይ የተለጠፈ የነጋዴ ወረቀት፣ ዕቃው የመጣበት የእንጨት ሣጥን፣ የሽማግሌዎች ቃል።

ስም ምን ያህል ይመሰክራል?

የዕቃዎቹን ስም ዘርዝሮ አመጣጣቸውን ለማወቅ መሞከር ማራኪ ነው። ፋኖስ ከግሪክ ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል ያለፈ ቃል ነው። ካውያም የዐረብኛ ነው። ላምባ የሜዲትራኒያንን የመብራት ስም ይዟል። ፎርኔሎ ያለ ጥርጥር ጣሊያንኛ ነው። ፕሪመስ የአንድ የስዊድን ፋብሪካ የንግድ ስም ነው።

ነገር ግን ስም ከዕቃው ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል፤ ቦታም ይቀይራል። ለዚህ ከቡታጋዝ የተሻለ ምሳሌ የለም። ቃሉ እ.ኤ.አ. በ1931 የተቋቋመ የፈረንሳይ ኩባንያ ስም ነው፤ ኩባንያው የሚሸጠው በሲሊንደር የታመቀ ቡቴን ነበር። በእኛ ከተሞች ግን ብዙ ሰው ቡታጋዝ የሚለው በክር የሚነደውን የነጭ ጋዝ ምድጃ ነው፤ የታመቀውን ሲሊንደር ብሎታል። ስለዚህ «ቤታችን ቡታጋዝ ነበረን» የሚል ምስክርነት ሲመዘገብ አንድ ጥያቄ ማስከተል ግድ ይላል፤ ክር ነበረው ወይስ ቱቦ?

ፕሪመስም እንዲሁ ነው። የግፊት ምድጃ ሁሉ ፕሪመስ ሲባል ኖሯል፤ ኦፕቲመስም ይሁን ራዲየስ፣ የሕንድ ቅጂም ይሁን የፖርቱጋል። እንዲያውም የፕሪመስ የነጭ ጋዝ ምድጃ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1962 ለተፎካካሪው ለኦፕቲመስ ተሸጧል። ስም ጥቆማ ነው፤ ፍርዱ የሚሰጠው ከዕቃው አካል ላይ ነው።

ልየታ፦ ከአካሉ ላይ ማንበብ

አንድ የግፊት ምድጃ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ሆዱ ክብ ነው። ሦስት እግሮች ድስት የሚያርፍበትን ቀለበት ተሸክመዋል። በሆዱ ጎን የፓምፑ እጀታ ብቅ ብሏል፤ ሌላው ወገን ላይ የመሙያው ክዳን አለ፤ በክዳኑ ላይ አየር የሚያስተነፍስ ትንሽ ብሎን። ከመካከሉ ቀጥ ያለ ቱቦ ወጥቶ ነበልባል የሚወጣበትን ራስ ይሸከማል። ከራሱ በታች ለማጋያ አልኮል የሚፈስበት ጣባ የመሰለ ትንሽ ሳህን አለ።

መጀመሪያ ማግኔት። ነሐስ ማግኔት አይዝም፤ ከያዘ ዕቃው ነሐስ የተቀባ ብረት ነው፤ ከውስጥ የመዛጉም ነገር ያሠጋል። ቀጥሎ ማህተም። ፕሪመስ እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ የተሠራበትን ዓመት በፊደል ያትም ነበር፤ የመጀመሪያው ፊደል «ኤ» 1911ን ያመለክታል። የጀርመን ዕቃ ላይ «ዲ.አር.ጂ.ኤም» የሚሉት አራት ፊደላት ካሉ የአሮጌውን የጀርመን ራይክ ምዝገባ ስለሚያመለክቱ ንድፉ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ በፊት የነበረ ነው። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1990 ባለው ውስጥ ይወድቃል።

ሦስተኛው የምድጃው ራስ ዓይነት ነው። አንዱ ነበልባሉን ከትንሽ ቆብ ጋር እያላተመ የሚበትንና የሚያጓራ ነው፤ ሌላው በብዙ ቀዳዳዎች የሚያሰራጭና ጸጥ ያለ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን እዚህ ላይ ነው። ራስ በብሎን የሚወልቅ መለዋወጫ ነው። የስዊድን ሆድ ላይ የሌላ አገር ራስ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ የብሎን ጥርሱ በልኩ መግጠሙ ወይም በግድ መግባቱ ይታያል፤ የሆዱና የራሱ ዘመንም ለየብቻ ይመዘገባል። «ይህ ምድጃ መቼ ተሠራ?» ከማለት «የትኛው ክፍሉ መቼ ተሠራ?» ማለት ይሻላል።

ማህተም የሌለው የከሰል ማንደጃ በሌላ መንገድ ይነበባል። ከዘይት ጣሳ የተሠራ ከሆነ በውስጥ ገጹ የፋብሪካው ጽሑፍ ወይም ሥዕል አንዳንዴ ይቀራል፤ ማንደጃው ከዚያ ጣሳ እንደማይቀድም ያረጋግጣል። በወገቡ የጠበበ፣ በውስጡ የሸክላ ሽፋን ያለው ከሆነ ላቀች ነው፤ ከኬንያው ጂኮ ተወስዶ ለኛ ማሰሮና ድስት የተስተካከለና እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሰራጨ በመሆኑ ዘመኑን ይዞ ይመጣል።

የአገር እጅ፦ ዋናው ዕቃ የቱ ነው?

ከውጭ የመጣው ዕቃ ብቻውን አልመጣም። በዓለም ገበያ ነጭ ጋዝ የሚጓዘው 18 ሊትር ገደማ በሚይዝ ባለ አራት ማዕዘን ቆርቆሮ ነበር። ነዳጁ አለቀ፣ ቆርቆሮው ቀረ። ከቆርቆሮው ኩራዝ ተሠራ፣ ማንደጃ ተሠራ፣ የፋኖስ ሥር ተጠገነ። የመርካቶው ምናለሽ ተራ ይህን ጥበብ እንደ ኢንዱስትሪ አሳድጎታል፤ በየክፍለ ሀገሩ ገበያም የየራሱ ቆርቆሮ ሠሪ አለ።

እዚህ ላይ አመለካከቶች በግልጽ ይለያያሉ። ሰብሳቢዎች የሚከተሉት ሚዛን ዕቃው ከፋብሪካ እንደወጣ መሆኑን ይፈልጋል፤ የአገር ብየዳ ለእነርሱ ጉዳት ነው። የባህል ጥናት ሚዛን በተቃራኒው ጠገናውን የዕቃው ሁለተኛ ልደት አድርጎ ያየዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ሲተረጉም የእጅ ጥበብ ዋጋን ከታሪካዊና ከሳይንሳዊ ዋጋ ጎን አስቀምጧል። በዚህ መንፈስ ከተመለከትነው ስቶክሆልም ውስጥ በሺህ የወጣ ምድጃ የትም ይገኛል፤ ሥሩ በጣሳ ተለብጦ፣ እግሩ በአጥር ሽቦ ታስሮ ክረምቱን የተሻገረው የጎሬው ምድጃ ግን አንድ ነው።

የመጀመሪያው ሚዛንም ማስረጃ አለው። ጠገና ሁሉ ጥበብ አይደለም። በግፊት በሚሠራ ሆድ ላይ በስስ ቆርቆሮ የተለጠፈ ቀዳዳ አደጋ ነው፤ ታሪክ ነው ብሎ እሳት ማንደድ አይቻልም። ስለዚህ ጠገናው ሁለት ፍርድ ያስፈልገዋል፤ አንዱ ለታሪኩ፣ አንዱ ለደኅንነቱ።

እድሳት፦ ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ «እንደ አዲስ ያብራ» ይላል። ባለቤቱ የሚኮራው በሚያብረቀርቅ ነሐስ ነው፤ አረንጓዴው ዝገት ርጥበት ስለሚይዝ ማስወገዱም ምክንያት አለው። ችግሩ ማህተሙ ጥልቀት የሌለው መሆኑ ነው፤ በአሸዋ ወረቀት ሁለት ጊዜ የታሸ ሆድ የልደት ወረቀቱን ያጣል። ሎሚና አመድ የለመድናቸው ናቸው፤ አሲዱ ሳይታጠብ ከቆየ ግን ከነሐሱ ውስጥ ዚንኩን እየበላ ገጹን ወደ መዳብ ቀይ ይለውጠዋል። ከሁሉ የከፋው አሞንያ ያለበት ማጽጃ ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን ሕንድ ውስጥ በፈረስ ጋጣ አጠገብ የተከማቹ የነሐስ ጥይት ቀለሃዎች ከሽንቱ በሚወጣው አሞንያ ተሰነጣጥቀው ነበር፤ ያ መሰነጣጠቅ በምድጃ ሆድ ላይ ቢደርስ ዓይን ላያየው ይችላል።

ሁለተኛው «እንዳለ ይቆይ» ይላል። አቧራው ይጠረግ፣ ዝገቱ ይቁም፣ ከዚያ በላይ እጅ አይግባ። ይህ የሙዚየም መንገድ ነው፤ ማስረጃን በመጠበቅ የሚወዳደረው የለም። ነገር ግን ያልነደደ ምድጃ ዝም ያለ ማሲንቆ ነው። አጋጋሉን፣ ፓምፑ ስንት ጊዜ እንደሚመታ፣ ድምፁ ሲቀየር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው እጅ አብሮ ይጠፋል።

ሦስተኛው «ይሥራ» ይላል። ሥራውም ከሚመስለው ያነሰ ነው። ፓምፑ የማይገፋ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የደረቀው የቆዳ ዋንጫ ነው፤ ዘይት ጠጥቶ ካደረ ይለሰልሳል፤ ካልሆነ ከለፋ ቆዳ አዲስ ይቆረጣል። እጀታው ወደ ውጭ ተመልሶ የሚገፋ ከሆነ በፓምፑ ሥር ያለው የመመለሻ ቫልቭ ቡሽ ወይም ጎማ አልቋል። ነበልባሉ ከተንጋደደ ቀዳዳው ተደፍኗል፤ ቀዳዳው የሚሊ ሜትር አንድ ሦስተኛ ገደማ ስለሆነ ለእርሱ በተሠራው መርፌ ብቻ ይጠረጋል፤ በሌላ ሽቦ ከሰፋ ራሱ ተበላሸ። ከመንደዱ በፊት ባዶው ሆድ በጥቂቱ አየር ተሞልቶ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ አረፋ ከወጣ ሥራው ይቆማል። ነዳጅ የነበረበትን ሆድ ውኃ ሳይሞሉ መበየድ ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳል።

ሦስቱ መንገዶች እርስ በርስ የሚጣሉት ቅደም ተከተላቸው ሲዛባ ነው። መመዝገብ ይቅደም፤ ዝገትን ማቆም ይከተል፤ ሥራ ሦስተኛ ይሁን፤ ማብረቅ የመጨረሻው ይሁን፤ ቢቀርም አይጎዳም። የወለቀ ክፍል አይጣል፤ በጨርቅ ተቋጥሮ ከዕቃው ጋር ይታሰር።

ከፍታ፣ ርጥበትና እስትንፋስ

ከውጭ የመጡ የአጠቃቀም መመሪያዎች ለባሕር ጠለል የተጻፉ ናቸው። በጎሬ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ፓምፑ ያንኑ ነዳጅ ይገፋል፤ የሚገናኘው አየር ግን ስስ ነው፤ ስለዚህ ነበልባሉ ወደ ቢጫ ያደላል። ይህን የማያውቅ አዳሽ ጥፋቱን ቀዳዳው ላይ ያሳብባል፤ ጤነኛውንም ይለውጣል። ውኃም እዚያ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ዘገየ ወይም ፈጠነ ብሎ በምድጃው ላይ ከመፍረድ በፊት ይህም ይታሰብ።

ርጥበቱ ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ሊትር ነጭ ጋዝ ሲነድ ከአንድ ሊትር የሚበልጥ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ጭስ ማውጫ የሌለው ማሞቂያ ቤቱን ያሞቃል፤ በዚያው ልክ ያረጥበዋል። ልብስ አደርቃለሁ ብሎ በተዘጋ ክፍል ማንደድ ከአንድ ወገን ሰጥቶ ከሌላው መንሣት ነው።

ከዚህ የሚብሰው የማይታየው ነው። ከሰልም ሆነ ነጭ ጋዝ በተዘጋ ክፍል ሲነዱ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፤ በተኙበት ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ነጭ ጋዝ ለቤት ውስጥ ማብሰያ፣ ማሞቂያና መብራት ባይውል ይመረጣል ብሏል። በአሮጌ ዕቃዎች ላይ ተጨማሪ አደጋም አለ። አንዳንድ ማሸጊያዎች አስቤስቶስ ናቸው፤ በደረቁ አይፋቁ። አሮጌ የግፊት መብራት ሻሾች ቶርየም አለባቸው፤ ብናኛቸው ወደ ውስጥ አይሳብ። በነጭ ጋዝ ምድጃ ቤንዚን፣ ጥቂት የተቀላቀለበትም ቢሆን፣ አይግባ። የታደሰ ዕቃ የሚፈተነው ደጅ ነው፤ ታይቶና ተሰምቶ ይጠፋል፤ ሌሊቱን የሚነድ ማሞቂያ ሆኖ አይመለስም።

ያልተዘጋው ሙግት

ዛሬ ጥያቄው በሁለት አቅጣጫ ይገፋል። አንደኛው ወገን እነዚህ ዕቃዎች የጭስና የቃጠሎ ዘመን ምልክት ናቸው፤ የሶር ወንዝ ውኃ መብራት ከሰጠ፣ ኤሌክትሪክ ከተዳረሰ ይሰናበቱ ይላል። በጤና ረገድ ልክ ነው። ሁለተኛው ወገን ዘመኑ ቢያልፍም ማስረጃው ይቆይ ይላል፤ የባሮ ንግድ፣ የመኪናው መንገድ፣ የአገር ቆርቆሮ ሠሪ ብልሃት በአንድ ምድጃ ሆድ ላይ ተጽፏልና። ይህም ልክ ነው። ሁለቱን የሚያስታርቀው ማንደድን ከማቆየት መለየት ነው፤ ከአገልግሎት የወጣ ሁሉ ከታሪክ አይወጣም።

ያልተዘጋው ሙግት የወንዙና የመንገዱ ነው። የሚዘጋውም በሊቃውንት ጉባኤ አይደለም። መቱ ዩኒቨርሲቲ ከተማው ውስጥ አለ፤ ዕቃዎቹን ያነደዱ እናቶችና የጠገኑ አባቶችም ገና በሕይወት አሉ። የሚያስፈልገው መዝገብ የአንድ ገጽ ነው፦ ማግኔት ይይዛል ወይስ አይይዝም፤ ማህተሙ ምን ይላል፤ ክር አለው ወይስ ፓምፕ፤ የትኛው ክፍሉ ተለውጧል፤ ማን ጠገነው፣ በምን ጠገነው፤ ቤቱ የገባው ከየት መጥቶ፣ በማን እጅ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልስ በየትኛውም የፋብሪካ መዝገብ የለም። ያለው በይበልጥ በባለቤቱ ቃል ነው፤ ሎሚና አመዱ ከመምጣታቸው በፊት እርሱ ይጠየቅ።